በመምሬ ስም የሄደ ደም

የቄስ ሚስት አውቃለሁ ብላ መጽሐፍ አጠበች ይባላል። ይህን ተረት በይማርሽ ፊት ለመተረት የሚደፍር ጎረቤት ግን አልነበረም። ምላሷን ይፈሩታል። ደግሞም የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት ከአንዳንዱ ዲያቆን አብልጣ ታውቃለች፤ መቼ እንደሚሰገድ፣ መቼ እንደማይሰገድ፣ ምን ያገኘው ሰው ከደጅ ቆሞ እንደሚያስቀድስ እሷን ጠይቆ መልስ ያጣ የለም። በዚያ ክረምት ያጠፋችውንም ያጠፋችው ባለማወቅ አይደለም፤ ይህን ሁሉ በማወቋ ነው።

ባሏ መምሬ ወልደ ሰንበት የነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ናቸው። ከፋሲካ ወዲህ ሰውነታቸው አለቀ። መጀመሪያ የጾሙ ድካም ነው ተባለ፤ ጾሙ አልፎ ሥጋው ተበልቶም ግን ቀሚሳቸው እየሰፋ ሄደ። ሌሊት ላብ ያጠምቃቸዋል። እንጨት ነካ ያደረጋቸው ቦታ ሁሉ ይጠቁራል። ወደ ዋሻው ወርደው ሲመለሱ ዳገቱን በየድንጋዩ እየተቀመጡ ነው የሚወጡት። ይማርሽ ጠበል አመላልሳ አጠጣቻቸው፤ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሳ ሰጠቻቸው፤ አልሆነም። ንስሐ አባታቸው የሰጧቸውን ስግደት ጉልበታቸው እንቢ ሲል፣ እኒያው አባት ፈቅደው እሷ ሰገደችላቸው። ረቡዕና ዓርቡን እስከ ማታ እሷ ጾመችላቸው። ይህ በአገሩ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለታመመ ሰው ዘመዱ ይሰግድለታል፣ ይጾምለታል፣ በላይም ይቆጠርለታል።

ሐናን የመጣችው በሰኔ ነው። የደሴ ልጅ ናት፤ የላቦራቶሪ ባለሙያ። የደጋውን ሰው ደም ከሚያጠኑ ተመራማሪዎች ጋር ሆና ላሊበላ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው፣ ማቀዝቀዣና ማይክሮስኮፕ አስገብተው ይሠራሉ። ያለ ምክንያት የከሳና የሚያልበው ሰው ካለ ደሙን ይስጥ ብለው አስነገሩ። መምሬንም ይማርሽ ጎትታ ወሰደቻቸውና ክንዳቸውን ዘረጉ።

«ምኑን ነው የምታዩት ልጄ?» አለች ይማርሽ፤ ሳትጠይቅ የምታልፈው ነገር የለም።

ሐናን ከማቀዝቀዣው ከኩል ብልቃጥ የማትበልጥ ጠርሙስ አውጥታ፣ ብርሃን እንዳይነካት በእጇ ጋርዳ አሳየቻት። «ይቺ አንቲቦዲ ትባላለች፣ እትዬ ይማርሽ። በደም ውስጥ ቀዩ ይበዛል፤ ነጩ ትንሽ ነው፤ በሽታን የሚመክተው ግን እሱ ነው። ይቺ ቀዩን ሁሉ አልፋ ነጩን ብቻ ፈልጋ ትይዛለች። ከዚያ በልዩ መብራት ስናየው ያበራል። ጤነኛው ነጭ የደም ሴል ቦግ ይላል። ሳያድግ የተበላሸው ግን ድንግዝግዝ ብሎ ይታያል።»

«መድኃኒት ናት?»

«አይደለችም። ለምርምር ብቻ ናት፤ ሐኪም የሚፈርድባትም አይደለች። ነገር ግን በሷ ክፉ ነገር ካየን ሰውየውን በመኪናችን ደሴ ሆስፒታል እናደርሳለን።»

ይማርሽ ከዚያ ሁሉ ንግግር የያዘችው መጨረሻውን ነው። ክፉ ነገር ካለ መኪና አለ፤ ከሌለ ደግሞ እሰየው። ባሏ ይኑሩ አይኑሩ በዚያች ብልቃጥ ውስጥ እንዳለ ቆጠረችው።

ሐናን በነሐሴ መጀመሪያ፣ በጭቃ ተለውሳ፣ እቤታቸው ድረስ መጣች። የመምሬ ደም ብልቃጡ ውስጥ ረግቶ ሳይመረመር መቅረቱን እያፈረች ተናገረች። እንደገና ያስፈልጋል። አንቲቦዲዋም ልታልቅ ነው፤ የቀረችው ጠብታም ብትሆን የአገልግሎት ጊዜዋ ፍልሰታ ሳይፈታ ያልፋል። አዲሱ የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው፤ መቼ እንደሚደርስ ማንም አያውቅም።

«መምሬ ሱባኤ ገብተዋል» አለች ይማርሽ። «በየቀኑ ይቀድሳሉ። ከቅጥሩ አይወጡም።»

«ከክንድ መቅዳት የለብንም፤ የጣት ጫፍ ይበቃል። ስኳር ያለበት ሰው ራሱን የሚወጋባት ትንሽ መርፌ አለች። እርስዎ ራስዎ ይችሉታል፣ ወላሂ ቀላል ነው።» አሳየቻት። ትንሽ ብልቃጥ፣ መርፌና በረዶ ያለበት ፔርሙስ ትታላት፣ በማግስቱ መኪናው መንገድ ዳር እንደሚጠብቅ ነግራት ወረደች።

ይማርሽ ቅዳሴው እስኪወጣ ከዋሻው ደጅ ቆማ ጠበቀች። መምሬ ግድግዳ እየተደገፉ ወጡ። ፊታቸው ገብስማ መስሏል።

«ያቺ ልጅ መጥታ ነበር። የሰኔው ደም ረግቶባቸዋል። ከጣትዎ ጥቂት ጠብታ ብቻ ትላለች። ጫር ላድርግዎትና—»

«ፍልሰታ ይፈታ።»

«እስከዚያ የሚመረምሩበት ያልቃል አሉ፣ መምሬ።»

«ይማርሽ» አሉ ቀስ ብለው፤ «ደም የፈሰሰው መቅደስ አይገባም። ይህንን ላንቺ አልነግርሽም። የሚተኩኝ መምሬ ከፋለ እግራቸው አብጦ ተኝተዋል። እኔ ካልገባሁ ነገ ቅዳሴው ይታጎላል። ያ ሁሉ ሕዝብ ሕፃናቱን አዝሎ ሊያቆርብ መጥቶ፣ በኔ ጣት ምክንያት ይመለስ?»

ይማርሽ ሥርዓቱን ታውቃለች። ሌላ ሴት ብትሆን ታለቅስ፣ ትለምን፣ ታስለምን ነበር፤ እሷ ግን እውነት መሆኑን ስለምታውቅ አፏ ተያዘ። ነጠላዋን አጣፍታ ዳገቱን ወጣች።

ብልቃጧን መደቡ ላይ አስቀምጣ ስታያት ዋለች። ባዶዋን ብትመልሳት የባሏ ተራ ለሌላ ሰው ይሄዳል። የሚቀጥለው መቼ ነው? ማን ያውቃል! ደግሞስ እስከ ዛሬ ምኑን ነው ያልተካችላቸው? ሰግዳላቸዋለች፣ ጾማላቸዋለች፣ ሊቋቋሙት ያልቻሉትን ቀዝቃዛ ጠበል በስማቸው ተጠምቃላቸዋለች። በቁርባን የተጋቡ ናቸው፤ አንድ ሥጋ ተብለዋል። ሥጋ አንድ ከሆነ ደም ከየት ሁለት ይሆናል? እንዲህ እያለች ጣቷን ወጋች። ደሟ ጠብ ጠብ ብሎ ገባ፤ ጣቷን በጨርቅ አሰረች። ከልቧ አምናው ነበር ማለት ይከብዳል። ግማሽ ልቧ አምኗል፤ ግማሹ ደግሞ ባዶ ብልቃጥ መመለስ ፈርቷል። ሰው ሲጨንቀው ሁለቱ ልቦች አይጣሉም።

በማግስቱ ብልቃጧን ለሹፌሩ ሰጠች። በመምሬ ወልደ ሰንበት ስም ሄደች።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ስልኳ ጠራ። «እትዬ ይማርሽ! አብሽሩ፣ የምሥራች ልንገርዎት። ነጭ የደም ሴላቸው ጤነኛ ነው። ቦግ ቦግ ብሎ ነው የሚታየው። ድካሙ ከሌላ ነገር ይሆናል፤ በርቱና አብሏቸው።»

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ይማርሽ ስልኩን ደረቷ ላይ ይዛ እልል አለች። ደሙ የማን እንደነበር በዚያች ደቂቃ ፈጽሞ አልታወሳትም። ልብ የሚፈልገውን ሲሰጡት የት አገኛችሁት ብሎ አይጠይቅም። ከዚያ ወዲያም ትዝ ሲላት «እግዜር ይሁን ብሎ ነው» እያለች አሳለፈችው፤ ውላ አድራም አመነችው።

ቁልቁለቱን እየሮጠች ወረደች። መምሬን የዋሻው ጥግ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«መምሬ! ጤነኛ ነው አሉ! ነጩ ደም ምንም የለበትም አሉ!»

«የቱ ደም?»

«ያ የሰኔው ነዋ! ያ... ያው ተገኝቶ። የተረፈ ነበራቸው።» ውሸት ስላልለመደባት ፊቷ ቀላ፤ ሳቋ ግን ሊቆም አልቻለም። የመንጋጋ ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ ወረደ።

መምሬ አተኩረው አዩዋት። «ጤነኛ ነው አሉ?»

«ጤነኛ!»

በትራቸውን ድንጋዩ ላይ አስደግፈው፣ ወደ ምሥራቅ ዞረው ይሰግዱ ጀመር። ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ፣ መሬቱን በግንባራቸው እየነኩ፣ እየተነሡ ሰገዱ። «ይበቃዎታል፣ ይደክምዎታል» ብትላቸውም አልሰሟትም። እንዲህ ያለ ስግደት ከፋሲካ ወዲህ አልሰገዱም ነበር። ይማርሽም ዳኑ ብላ ተቀመጠች።

ፍልሰታ ተፈታ። መስከረም ሲጠባ ግን፣ መምሬ በቅዳሴ መካከል ሳሉ አፍንጫቸው ደማ። በእጅጌያቸው ይዘው ከመቅደስ ወጡ። የዚያን ቀን ቆመላቸው፤ በሳምንቱ ተመለሰ። ቀጥሎ ድዳቸው ይደማ ጀመር። አንድ ጠብታ ደም ከጣታቸው እንዳይወጣ የጠበቁትን ሰውዬ፣ ማንም ሳይወጋቸው ደሙ ራሱ እየወጣ ከመቅደስ አስቀራቸው። ጥቅምትን ሙሉ ከዋሻው ደጅ ጋቢ ተከናንበው፣ የሌሎቹን ዜማ ከውጭ እየሰሙ አስቀደሱ። ሲያዩዋቸው ያሳዝናሉ። ዜማውን የሚስቱበት ቦታ ሲደርሱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

ጎረቤቱ ሁሉ «ኧረ ሐኪም ቤት ይሂዱ» ይላል። ይማርሽ ቆጣ ብላ ትመልሳለች፤ «መርምረዋቸዋል! በማሽን አይተዋቸዋል! ነጭ የደም ሴላቸው ጤነኛ ነው፤ ይሄ ብርድ ነው።» ይህን ቃል ሰው ሁሉ ላይ እንደ ጋሻ መከተችበት። ሐናን ደግሞ አልነበረችም፤ አንቲቦዲው ስላለቀ ሥራው ቆሞ ደሴ ወርዳለች።

የተመለሰችው በኅዳር ነው። አዲሱ አንቲቦዲ በበረዶ ሳጥን፣ በአውሮፕላን ደርሶ ነበር። መምሬን ልትጠይቅ እግረ መንገዷን ጎራ ብላ ደጁ ላይ ስታያቸው እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከድንጋጤዋ ሳትመለስ እዚያው ከክንዳቸው ቀዳች። አሁን የሚከለክል ቅዳሴ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት መኪናው ከመንደሩ በታች ቆመ። ሐናን ብቻዋን ወጣች። ይማርሽ ገና ከበሩ ፊቷን ስታይ ሥራዋን ትታ ተነሣች።

«መምሬ፣ ዛሬውኑ ደሴ መሄድ አለብን» አለች ሐናን፣ መደቡ ጥግ ተቀምጣ። «ነጭ የደም ሴሉ ተበላሽቷል። ከመጠን በላይ ፈልቷል፤ ያላደገ ነው ሁሉም። የደም ካንሰር ይመስለኛል። ሐኪሞቹ ያረጋግጣሉ፤ እኔ ግን ያየሁትን አይቻለሁ።»

መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሰውን ችግር እንደሚሰማ ሰው እንጂ የራሳቸውን እንደሚሰማ አልመሰሉም።

ሐናን ግን አላበቃችም። «ይቅር በሉኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። የነሐሴውንና የትናንቱን አስተያየሁ፤ ባላውቅ ኖሮ የሁለት ሰው ደም ነው እል ነበር። በነሐሴ መብራት ሲጠፋ ሲመጣ ነበር፤ አንቲቦዲው ማቀዝቀዣ ውስጥ ተበላሽቶ ኖሯል፤ ሳላውቅ ሠራሁበት። ጤነኛ ናችሁ ብዬ የሰደድኋቸውን ሰዎች ሁሉ መጥራት አለብኝ። ለአለቆቼም ዛሬ እነግራለሁ። ያ ሁሉ ሥራ ይጣላል፤ ይጣል። ግን እርስዎን፣ መምሬ... እኔ ነኝ የገደልኩዎት።» በሻርፗ ፊቷን ሸፍና ተንሰቀሰቀች።

ይማርሽ ምሰሶውን ይዛ ቆማለች። የሁለት ሰው ደም የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። ዝም ብትል ዝም ማለት ይቻል ነበር። ማንም አላያትም። ግን ይቺ የሰው ልጅ፣ እናቷ ደሴ ተቀምጣ የምትጠብቃት ልጅ፣ ባልሠራችው ጥፋት ፊቷን እየሸፈነች ታለቅሳለች።

«ልጄ፣ አታልቅሺ» አለች። «ጠርሙሷም አልተበላሸች። አንቺም አልሳትሽም። ደሙ የኔ ነው።»

ሐናን ሻርፗን አወረደች።

«እሳቸው ፍልሰታ ይፈታ አሉኝ። ባዶውን መመለስ ጨነቀኝ። የራሴን ጣት ወጋሁና በስማቸው ሰደድሁት። ስሰግድላቸው ይቆጠርላቸው የለ፣ ስጾምላቸው ይቆጠርላቸው የለ... እንደዚያ ነው ያሰብሁት።» ወደ ባሏ መዞር አቃታት። «ያኔ ታውቆ ቢሆን ኖሮ ይተርፉ ነበር?»

«የአላህ ያለህ!» አለች ሐናን በቀስታ። «ይድኑ ነበር ብዬ አልምልም፣ እትዬ ይማርሽ። ጊዜ ግን ነበረን።»

ይማርሽ እዚያው ምሰሶው ሥር ቁጭ አለች።

«ልጂቱን አታስጨንቂያት» አሉ መምሬ ከመደቡ ላይ። «እኔ አውቅ ነበር።»

«ምኑን ነው የሚያውቁት?»

«የሰኔው ረግቶባቸዋል ብለሽ የነገርሽኝ አንቺው ነሽ። መልሰሽ ደግሞ የሰኔው ተገኘ አልሽኝ። ጣትሽም በጨርቅ ታስሮ ነበር። እኔ ደም አልሰጠሁ፤ ታዲያ የማን ይሆናል?» ፈገግ አሉ። ድዳቸው ላይ ደም ነበር። «አንቺ ለውሸት አልተፈጠርሽም።»

«ታዲያ... ታዲያ ያ ሁሉ ስግደትስ?»

«ላንቺ ነዋ። ጤነኛ ናት አሉኝ። እኔ ብሄድ አንቺ ደህና ትቀመጫለሽ ማለት ነው። እንዴት አልስገድ?»

ያኔ ይማርሽ ከመሬት ብድግ አለች። በትዳር ዘመኗ ሁሉ ባሏን አንቱ እንጂ አንተ ብላ አታውቅም፤ ያን ቀን አለች። «አንተ! እኔስ ሞኝ ነኝ፤ አንተ የተማርህ አይደለህም ወይ? ፍልሰታ በተፈታ ማግስት አንዲት ቃል ብትናገር ምን ነበረ? ጎረቤቱን ሁሉ ጤነኛ ነው እያልሁ ስሰድብ ደጅ ላይ ተቀምጠህ ትሰማኝ አልነበረም? ዝም! ዝም ብለህ ልትሞትብኝ!»

«ከፋሲካ ጀምሮ ስትስቂ አላየሁሽም ነበር» አሉ መምሬ። «ያን ቀን ሳቅሽ። ልናገር እያልሁ፣ ነገ እያልሁ ቀረሁ።»

ይማርሽ ጋቢያቸውን አጣጠፈች፣ ዳዊታቸውን በማኅደሩ ከተተች፣ ቆሎ በጨርቅ ቋጠረች። እጆቿ ሁሉን ነገር ይወረውሩ ነበር። ጎረቤቶች መምሬን ደግፈው እስከ መኪናው አወረዷቸው።

ጋሸናን እስኪያልፉ ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ ተቀመጠች። መምሬ አንዴ ጉልበቷን ነካ አደረጓት። «ይማርሽ፣ ተቆጣሽኝ?»

ሰምታለች። ቁጣዋ ግን ገና አልበረደም። ከዚያ ሁሉ ወር ዝምታ በኋላ እሳቸውም ትንሽ ዝም ይባሉ ብላ ነው፤ ደሴ ሲደርሱ፣ አልጋ ሲይዙ፣ ወተት ነገር ስትሰጣቸው ትነግራቸዋለች። መንገዱ ረጅም ነው፤ ጊዜ አለ። የድልብን ጠመዝማዛ መውረድ ሲጀምሩ «ራሴን» አሉ፤ ትከሻዋ ላይ ጋደም አሉ። ተኙ መስሏት ጋቢውን ሰብስባ አለበሰቻቸው። ወልድያ ላይ ልታነቃቸው ብትሞክር አልነቁም።

ደሴ ያዩዋቸው ሐኪም ደሙ ወደ ጭንቅላታቸው ፈሷል አሉ። መምሬ ይተነፍሳሉ፤ ዓይናቸው ግን አይገለጥም፤ ቃልም አይወጣቸው።

ሐናን ልትጠይቅ ስትመጣ ይማርሽን አልጋው ጠርዝ ላይ፣ አፏን ከባሏ ጆሮ አስጠግታ አገኘቻት። ድምጿ ሰልሏል። ከመጡ ጀምሮ እንዲህ እያወራች ነው አለቻት አጠገባቸው ያለች አስታማሚ፤ ቆሎ እንኳን አልቀመሰችም።

«አልተቆጣሁም፣ መምሬ» ትላለች ይማርሽ። «አልተቆጣሁም። ያን ጊዜ ሲጠይቁኝ ሰምቼዎታለሁ። አልተቆጣሁም።»

ሐናንን ስታይ ቀና አለች። ዓይኗ እሳት መስሏል። «ልጄ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ይሰሙኛል?»

ሐናን ተጠግታ የመምሬን ፊት አየች። የማታውቀውን አውቃለሁ ማለት በሥራዋም በአስተዳደጓም የለም።

ያን ቀን ግን «ይሰማሉ» አለች። «ይንገሯቸው።»

ይማርሽም ዞራ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።